የፊታውራሪው እንግዶችና የዱመርሶ ቡና

ያኔ ዲላ ውስጥ የቡና መፈልፈያ ሞተር የሚጠግኑ መካኒኮችን በየተራ ወደ ማጠቢያ ጣቢያዎች የምልክ እኔ ነበርኩ። አንድ ጠዋት የቀረኝን አንድ መካኒክ ጋሽ ዘለቀን ወደ ዱመርሶ ማጠቢያ ጣቢያ ልሸኝ ስል፣ አንድ ባለመሬት ፊታውራሪ ከዘራቸውን እየወዘወዙ ገቡ። «የቤቴ የመብራት ሞተር ቆሟል። ማታ ከአዲስ አበባ እንግዶች ይመጡብኛል፤ ይሄን ሰውዬ እወስደዋለሁ!»

«ጌታዬ፣ ዱመርሶ መፈልፈያው ተሰብሮ እሸት ቡና ተከምሯል። ዛሬ ካልተፈለፈለ ይበላሻል» አልኩ፣ ያዘልኳትን ልጄን እሹሩሩ እያልኩ።

«የጭሰኛ ቡና ከእኔ እንግዳ ሊቀድም? አንቺ ልጅሽን አጥቢ!» አሉና ጋሽ ዘለቀን በሾፌራቸው ወደ ቤታቸው ሰደዱት። እሳቸው ወንበሬ ላይ ተደላድለው ስለ እንግዶቻቸው ማዕረግ ይተርኩልኝ ጀመር።

ወሬው ሳያልቅ ከዱመርሶ የጣቢያው ሠራተኞች አለቃ፣ ካቦው፣ በጭቃ ተለውሶ ገብቶ እግራቸው ላይ ወደቀ። «ጌታዬ፣ ቡናዎ ሊበላሽ ነው! መካኒክ ይላኩልን!»

ፊታውራሪ ወደ እኔ ዞሩ። «የእኔ ቡና ዱመርሶ ነው እንዴ የሚታጠበው?»

«ጭሰኞቹ የእርስዎ አይደሉ ጌታዬ?» አልኩ።

ፊታውራሪው ወደ ቤታቸው ሮጠው ጋሽ ዘለቀን ከተፈታታው የመብራት ሞተር ላይ አንስተው ዱመርሶ ይዘውት በረሩ። ቡናው ሸትቶ ጠበቃቸው፤ እንግዶቻቸውም ራታቸውን በኩራዝ በሉ።