ቫን አለኝ በሰማይ

ሊሊዬ፣ መጣሽ? ነይ እዚህ ጋ ተቀመጪ፣ ወንበሩን በቦርሳዬ ይዤልሻለሁ። ፓርኪንግ አገኘሽ? እኔማ ሁለቴ ዞሬ ዞሬ ሀቫና ስትሪት ላይ ነው ፓርክ ያደረግኩት። ይሄ የአውሮራ ንፋስ ደግሞ... ፀጉሬን ትላንት ነው የተሠራሁት፣ ምን እንዳደረገኝ እዪው። አንቺስ አምሮብሻል። ልጆቹ ደህና ናቸው?

አዳራሹ ዛሬ ሞልቷል። ለምርጫ ሲሆን ማኅበርተኛው ሁሉ ይገኛል። ማይኩም ከጠዋት ጀምሮ በመሪያችን እጅ ሄሎ፣ ሄሎ እየተባለ ነው... ድምፁ ጥርት ያለ አይደል? አንዳንድ ሰው ለማይክ የተፈጠረ ነው። ከረባቱም ሄዶለታል። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚሉት እኮ ከረባትን አይጨምርም። ፊት መቀመጣችን ጥሩ ነው፣ ሁሉን እንሰማለን። እሱም ይሰማናል... ቢሰማን ምን ችግር አለው፣ የምናወራው መልካም መልካሙን ነው።

አባባ ምናሉ ግን አልመጡም። ማክሰኞ፣ ሐሙስ፣ ቅዳሜ ኩላሊት እጥበት አላቸው። ድሮ የማኅበራችን ቫን ከበራቸው ያነሳቸው ነበር፣ አሁን በሁለት አውቶቡስ ነው የሚሄዱት። ትላንት በዚያ በረዶ ከዘራቸውን ይዘው ፌርማታ ላይ ቆመው አግኝቼ ወሰድኳቸው። "ቫኑ ተበላሸ እንዴ ልጄ?" አሉኝ። ምን ልበላቸው? ቫን አለኝ በሰማይ፣ ጎማዋንም አላይ። ዛሬ ደክሟቸው ተኝተዋል።

የወረዳው መንግሥት፣ ካውንቲው እኮ የቫኑን ኪራይ አልከለከለንም። ቫኑን እኛ እንከራያለን፣ ማን እንደተጫነና መቼ እንደተጫነ ፎርም እንሞላለን፣ ደረሰኝ እናያይዛለን፣ እነሱ ገንዘቡን ይመልሱልናል። ችግሩ፣ እዚያ የኮምትሮለር ቢሮ የሚባል ነገር አለ። ሥራው የሕዝብ ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት ወረቀቱን ማየት ነው። ትልቅ ባለሥልጣን ክፈሉ ቢል እንኳን ደረሰኙ የታለ፣ ቀኑ መቼ ነው፣ ማን ፈረመ ሳይሉ አንድ ሳንቲም አትወጣም። ሰው አያምኑም ማለት ነው። በእኛ ማኅበር እንዲህ ያለ ክፋት ስለሌለ እግዜር ይመስገን። እኛ ጋ ጭብጨባ ይበቃል።

ታዲያ አንድ ልበ ሙሉ ሰው "ወረቀቱን ለእኔ ተዉት" አለ። የሦስት ወሩን ፎርም በዚያ በሚያምር ጽሕፈቱ ሞላው... ቀኑን በእኛው አቆጣጠር። ሁለት ሺህ ዐሥራ ስምንት ብሎ ጻፈበት። የቢሮዋ ልጅ ምን ታድርግ? ከሰባት ዓመት በፊት ለተነዳ ቫን ክፈሉ የሚል ወረቀት ሆነባት። ማኅበራችን ራሱ ያኔ አልተቋቋመም ነበር። ሪጀክት አደረገችውና "ቀኑን አስተካክላችሁ ፈርሙበት፣ እንከፍላለን" ብላ በትሕትና ጻፈች።

እኔና አንቺ ብንሆን በአምስት ደቂቃ አስተካክለን እንልክ ነበር። ያልተማርን ሰዎች ችኩሎች ነን። እሱ ግን አራት ገጽ መልስ ጻፈላት... ስለ ባሕረ ሐሳብ፣ ስለ ዘመን ቆጠራችን፣ የተሳሳቱት እነሱ ስለመሆናቸው። አንብቤዋለሁ ሊሊ፣ እንባዬ ነው የመጣው። ደረሰኝ ብቻ ነው ያላያያዘው፣ ገንዘቡም ሳይመጣ ቫኑ ቆመ። ይህ አልበቃ ብሎት ራሱ ሄደላት፣ ባዶ እጅ አይኬድም ብሎ ማር ይዞ። ልጅቷ ማሩን መዘገበችና፣ የስጦታ መመለሻ ፎርም አስፈርማ መለሰችለት። ለማሩ ፈርሟል አሉ። መፈረም አይችልም የሚሉ ሰዎች እንግዲህ ውሸታቸውን ነው።

ሹፌራችን ረሻድ ፎርሙን በፈረንጅ ቀን ገልብጦ፣ ደረሰኙን አያይዞ ጨርሶታል። ይኸው፣ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። የቀረው አንድ ፊርማ ነው። የእኔ ፊርማ ቢሆን ዛሬውኑ እፈርም ነበር፣ ካውንቲው ግን የሚቀበለው የማኅበሩን መሪ ነው። ዓርብ ካለፈ ገንዘቡ ለሌላ ማኅበር ይሄዳል። ሦስት ጊዜ ወሰድኩለት። "በፈረንጅ ቀን ላይ አልፈርምም፣ ታሪኬን አልክድም" አለኝ። እንዴት ያለ ጀግና ነው? መንጃ ፈቃዱን በየትኛው ቀን እንዳወጣው አልጠየቅኩትም። የጡረታ ፎርም ሲሞላም የትኛውን ዓመት እንደሚጽፍ... የሱ ጉዳይ ነው፣ ምን አገባኝ። ሲሾም ያልፈረመ ሲሻር ይቆጨዋል የሚል ተረት ብቻ ትዝ አለኝ፣ ከየት እንደመጣብኝ እንጃ።

ሮማን ነገረኛ ናት ይሉኛል አይደል? እስቲ አሁን ምን ክፉ ተናገርኩ? ቆይ፣ ይቺን ፎርም ከነእስክሪብቶዋ እዚያ ጠረጴዛ ላይ፣ ማይኩ አጠገብ ላድርጋት። ቦርሳዬ ከብዶኝ ነው።

እዪ፣ ማይኩ ዝም አለ። ወደ እኛ እያየ ነው መሰለኝ... ፈገግ በይ። ለእኛ የደከመ ሰው ነው፣ ሳልመርቀው ስብሰባው አይጀመርም። እግዜር ዕድሜውን ያርዝምለት። እንደ አባባ ምናሉ ሰማንያውን ያሳየው። ጉልበቱ ሲደክም፣ ከዘራ ይዞ ሐኪም ቤት ሲመላለስም ያለ ወገን አያስቀረው... ልክ እንደሱ ያለ፣ ለታሪኩ የቆመ፣ ልበ ሙሉ መሪ ይስጠው። ቫኑንም ያው መሪ ይላክለት።

አሜን በይ እንጂ ሊሊ።