ሣሩን ትቶ ቦሌ

አቶ አሳምነው ዳልቻ የሚሉትን በሬያቸውን እየሳቡ ወደ አሶሳ ገበያ ሲወርዱ፣ በባምባሲ መንገድ ዳር ማንጎ ሥር ባጃጅ ከምትጠብቀው ሳሊማ ጋር ተገናኙ። እሳቸው በደርግ ጊዜ ከወሎ በሰፈራ መጥተው እዚሁ ያረጁ ገበሬ ናቸው። እሷ የጎረቤታቸው የጁምዓ ልጅ ስትሆን፣ ፋርማሲ ተምራ ከተማ መድኃኒት ቤት ትሠራለች።

«አባባ፣ ዝናብ ደርሶ በሬ ይሸጣል እንዴ?»

«እርሻ ለጉልበተኛ ነው፣ ልጄ። እኔ ከመኝታዬ መነሣት አቅቶኛል።»

ሚስታቸውን ከቀበሩ ወዲህ እንቅልፍና ምግብ እንደራቃቸው ሰፈሩ ያውቃል። ለድባቴ መታከማቸውን የምታውቀው ግን ሐኪም ያዘዘላቸውን የድባቴ መድኃኒትና ዚንክ የሰጠቻቸው ሳሊማ ብቻ ናት። በሬው ከተሸጠ መሬታቸውን ሌላ ሰው ያርሰዋል፤ ይህ ለእሳቸው በቁም መቀበር ነበር።

«መድኃኒቱ አልረዳዎትም?»

«ዚንኩን እውጣለሁ። ያኛውን ትቼዋለሁ።»

«ምነው?»

«ሰዉ የእብድ ነው ይላላ! ዚንኩ ግን ማዕድን ነው፣ ንጹሕ ነገር። መጀመሪያማ የልጅ ተቅማጥ መድኃኒት ለሽማግሌ ሰጡ ብዬ ተቀይሜ ነበር። ኋላ ወደድኩት።»

«ያኛውን ከተዉ በኋላስ?»

«ራሴን አዞረኝ። ከዚያ ያው ጨለማዬ ተመለሰ።»

ሳሊማ በሬውን አየት አደረገች።

«ዳልቻ ቦሌ ይልሳል?»

«ያለዚያ ጨዋማ አፈርማ ምኑን በሬ ሆነው!»

«እንግዲያው ቦሌ ከላሰ ሣሩን ይከልክሉት።»

«ኧረ ይቺ ልጅ! ተምረሽ ተምረሽ ከብት ልታስፈጂ ነው? ቦሌ ማገዣ ነው እንጂ ሆድ ይሞላል?»

«እርስዎ ታዲያ ሣሩን ትተው ቦሌ ብቻ እየላሱ አይደል?»

ሽማግሌው የዳልቻን ግንባር ደባበሱ። ሰው ለከብቱ የሚያውቀውን ለራሱ መንፈጉ እንግዳ ነገር አይደለም፤ በሬ «ጎረቤት ምን ይለኛል» አይልም።

«ያኛው ዋና ከሆነ ዚንኩ ለምን አስፈለገ?» ሲሉ ሞገቱ።

«ለሁሉም አይታዘዝም። ዋናው መድኃኒት ብቻውን በደንብ ላልሠራላቸው አንዳንዶች ሲታከል እንዳገዘ የታየበት ጥናት አለ፤ ነገሩ ግን ገና እየተጠና ነው። የዋናውን ቦታ አይተካም። ሐኪም ሳያማክሩ መጨመርም ማቋረጥም ይጎዳል።»

«እብድ ነው ቢሉኝስ?»

«በዝናብ መግቢያ በሬውን የሸጠ ገበሬ ምን የሚባል ይመስልዎታል?»

«ምላስሽ የአባትሽ ነው!» አሉና ገመዱን አቀበሏት። «በይ ነይ፣ ሐኪም ቤት ስገባ ትይዢልኛለሽ።»

ሳሊማ ከሐኪም ቤቱ በር ላይ በሬ ይዛ ቆመች። ዘበኛው «ለእሱም ካርድ አውጪለት እንጂ!» እያለ ሲቀልድባት ቆየ። ሐኪሙ መድኃኒቱን እንደ አዲስ አስጀመራቸው፤ ዚንኩንም በልኩ እንዲቀጥሉ ፈቀደላቸው።

ለውጡ በአንድ ጀንበር አልመጣም። መጀመሪያ እንቅልፋቸው፣ ቀጥሎ የምግብ ፍላጎታቸው፣ ቆይቶም ጉልበታቸው ተመለሰ። ኀዘኑ አልጠፋም፤ ሊሸከሙት የሚችሉት ሆነ እንጂ። ለበቆሎው ቢዘገዩም አኩሪ አተሩን በገዛ እጃቸው ዘሩ።

ለአረም ደቦ በወጡ ቀን ጁምዓ ጠጋ ብሎ አንሾካሾከ። «ወንድሜ ሙርሳል ምግብ እምቢ አለ። ከሰው አያወራም። ወላሂ፣ ምን እንደያዘው አናውቅም።»

አቶ አሳምነው ቀና ብለው ደቦኛው ሁሉ በሚሰማው ድምፅ መለሱለት።

«እኔን የያዘኝ በሽታ ይመስለኛል። ታክሜ ነው የቆምኩት፤ መድኃኒቱን ዛሬም እወስዳለሁ። ነገ ሙርሳልን ይዘነው እንሄዳለን።»

የሳቀ አልነበረም። ሁሉም ወደ አረሙ ተመለሰ። ጥቂት ቆይቶ፣ ከማሳው ዳር ያጎነበሰ አንድ ጎልማሳ ቀና ሳይል ጠየቀ።

«ስንት ሰዓት ነው የምትሄዱት?»