በብረት የተፈጨው ዱቄት

«ሄሎ! ሄሎ፣ መሐሪ? ትሰማኛለህ? ... ቆይ፣ ወደ አጥሩ ልጠጋ። ... እሺ፣ አሁን ንገረኝ። ... ምን? ዱቄቱ ማግኔት ላይ ተለጠፈ?»

ሰናይት ባለችበት ቀጥ አለች። ከመሐሪ ጋር ዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ ውስጥ ሦስት ዓመት የለፋችበት የክሪስታል ዱቄት ነው።

«በዚህ ሙቀት? መለጠፍ የለበትም! ... ያልፈጨነው ያለበትን ብልቃጥ አምጣና ሞክረው። ... እጠብቃለሁ፣ አትዝጋው።»

እናቷ አልጣሽ አዲሱን ዣንጥላ ታቅፋ ከቤት ወጣች። ልጄ የደከመችበት ከሰመረላት ብላ ለቤተ ልሔም ማርያም የተሳለችው ነው፤ ዛሬ በንግሡ ልታስገባው ነው።

«መጣሁ እማዬ! ... ምን መሰለሽ፣ ሦስት ጎረቤት አስቢ። እያንዳንዱ ለሌላው ጀርባውን መስጠት ይፈልጋል። ሁለቱ ጀርባ ለጀርባ ቆሙ፤ ሦስተኛው ወዴት ይዙር? የእኛ ክሪስታል ውስጥ ያሉት አቶሞችም እንዲያ ናቸው፤ የቱንም ያህል ቢበርዳቸው አይደላደሉም። እኛ ግን የማግኔት ምልክት አየንና በብርድ ተደላደሉ ብለን ለመጽሔት ጻፍን። ... ሄሎ? ... አልተለጠፈም? አንዲት ቅንጣት እንኳ?»

ነገሩ ገባት።

«መሐሪ ... እኔ ነኝ። የድንጋዩ ሙቀጫ ሲሰነጠቅብኝ፣ እናቴ ቤት እንደለመድሁት በብረት ዘነዘና ወቀጥሁት። ያየነው የብረት ብናኝ ነው። ... ማን ያውቃል ትለኛለህ? አንተ አወቅህ፣ እኔ አወቅሁ! ... አዎ፣ በዚህ ጽሑፍ ያገኘሁት የጀርመን ትምህርት ዕድል ይቀራል። ... አማካሪያችን ዶክተር ጽሑፉን ለመጽሔቱ የሚልኩት መቼ ነው? ... ከግማሽ ሰዓት በኋላ? እኔው እደውልላቸዋለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ከወደ ቤተ ክርስቲያኑ ከበሮ ተሰማ። ጎረቤቱ እልል ሊል ደጅ ቆሟል፤ አልጣሽም ዣንጥላውን ዘርግታ መንገድ ጀመረች።

«እማዬ፣ አትሂጂ! ... አልሰመረም። ተሳስቻለሁ። ... ሁሉም፣ አዎ። ያልሰመረ ስለት አይገባም፤ እመቤቴን አንዋሻትም።»

አልጣሽ ከመንገዱ ተመለሰች። ሰናይት እናቷን ቀና ብላ ማየት አፈረች።

«... አለሁ፣ መሐሪ። ... አላለቀስሁም አልሁህ! ... ቆይ፣ እማዬ የምትለኝ አለ። ... ያልተፈጨ ተርፏል ወይ ነው የምትይኝ? ... ተርፏል እማዬ። አንድ ብልቃጥ ተርፏል።»

አልጣሽ ዣንጥላውን አጠፈች፤ በጨርቅ ጠቅልላ ቤት ገባችና ምሰሶው ላይ መልሳ ሰቀለችው።

«መሐሪ፣ ብልቃጡን አጥብቀህ ክደንልኝ። ... ማክሰኞ እመጣለሁ፤ እንደ አዲስ በድንጋይ እንፈጨዋለን። ... በል ቻው፣ ለዶክተር ልደውል።»