ጋሽ ጠርጥርና ላስቲክ የለበሰው ትሪ

የተከበራችሁ ቤተሰቦች፣ ጎረቤቶችና ወዳጆች፤ ዛሬ ልንሸኛቸው የተሰበሰብንላቸው፣ ሰፈሩ ሁሉ «ጋሽ ጠርጥር» እያለ የሚጠራቸው አጎታችን፣ እንዲህ ያለውን ጽሑፍ እንኳ ሳይጠረጥሩ ሰምተው የማያውቁ ሰው ነበሩ። ቀብር ላይ ቆመው የሟች ታሪክ ሲነበብ ጥቂት ካዳመጡ በኋላ፣ አጠገባቸው ወዳለው ሰው ጠጋ ብለው «ይሄ የሚባልለት ሰውዬ ማን ነው? እኔ የመጣሁት የጎረቤቴ ቀብር መስሎኝ» ይሉ ነበር። በመጨረሻው ሕመማቸውም የእህታቸውን ልጅ፣ ይህን ጽሑፍ የምታነብላችሁን ማለት ነው፣ አስጠርተው «አታሳምሩኝ፤ የሃምሳ አለቃውን ነገር ካላነበባችሁ የቀረውን ማንም አያምናችሁም» ብለው ስላዘዙ ትእዛዛቸው ተጠብቋል።

የተወለዱበትን ዘመን እናታቸው አንድ፣ አባታቸው ሌላ ይሉ ስለነበር፣ እሳቸው ሁለቱንም ሳያምኑ ኖረው በሰባዎቹ ዕድሜያቸው አርፈዋል። አባታቸው ወንበርና ሣጥን የሚሠሩ አናጢ፣ እናታቸው ደግሞ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ባደጉበት ቤት የመስታወት ብርጭቆዎች ከላይኛው መደርደሪያ ላይ እንደተደረደሩ አቧራ ሲጠጡ፣ ቤተሰቡ የሚጠጣው በቆርቆሮ ኩባያ ነበር፤ ስኳሩም የሚቀመጠው ቁልፉ ከእናታቸው አንገት በማይወርድ ሣጥን ውስጥ ነው። ገና በልጅነታቸው «ብርጭቆው የማን ነው?» ብለው ጠይቀው «የእንግዳ» ሲባሉ፣ «ስኳሩስ የሚቆለፈው ከማን ነው?» ቢሉ፣ እናታቸው መርፌያቸውን አቁመው «ይሄ ልጅ ጥርሱን ሳይነቅል መርማሪ ሆነብኝ» ማለታቸውን ታላቅ እህታቸው ዛሬም ያስታውሳሉ።

በአባታቸው ሥራ ቤት ያዩት ግን ከዚህም የባሰ ነበር። ሣጥን ለማሠራት የሚመጣ ደንበኛ ስለ እንጨቱ ከመጠየቁ በፊት ስለ መቆለፊያው ይጠይቃል። አንድ ጊዜ አንድ ባል መጥቶ ሚስቱ የማታውቀው ድብቅ ኪስ ከሣጥኑ ሥር እንዲሠራለት አዘዘ፤ በማግስቱ ሚስቲቱ መጥታ ባሏ የማያውቀው ኪስ በዚያው ሣጥን ክዳን ውስጥ እንዲሠራላት አዘዘች፤ አባታቸውም ለሁለቱም ሠርተው ሳይናገሩ አስረከቡ። አጎታችን ሰው ስለ ራሱ የሚያወራው ሌላ፣ ቤት ያለው ዕቃ የሚያወራው ሌላ ነው ማለት የጀመሩት ከዚያ በኋላ ነበር።

ትምህርታቸውን ተከታትለው ታሪክ ካጠኑና ለተወሰኑ ዓመታት ካስተማሩ በኋላ፣ በከተማው ሙዚየም የቤት ዕቃዎች ክፍል ኃላፊ ሆነው ተቀጠሩ። የመጣላቸውን ዕቃ ሁሉ መጀመሪያ ገልብጠው ከሥሩ ያዩ ነበር። አንድ ባለጸጋ የቅድመ አያቴ የክብር ወንበር ነው ብለው በአጀብ ያመጡትን ወንበር ሲገለብጡት፣ ከሥሩ የአንድ ትምህርት ቤት መለያ በቀለም ተጽፎበት አገኙና «ቅድመ አያትዎ ስንተኛ ክፍል ነበሩ?» ብለው ስለጠየቁ፣ የቅጽል ስማቸው ከዚያ ቀን ጀምሮ ተጣበቀባቸው።

ትዳር የመሠረቱት በፋርማሲ ይሠሩ ከነበሩት ከውድ ባለቤታቸው ጋር ሲሆን፣ ባለቤታቸው «ሊያጩኝ የመጡ ቀን እንኳ ወንበሩን ገልብጠው አይተው ነው የተቀመጡት» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ ወልደው አሳድገዋል። በመሥሪያ ቤታቸው ሻይ ግን አይጠጡም፤ ብርጭቆው በምን ጨርቅ እንደሚወለወል ስለማያውቁ በየማለዳው ሻያቸውን ራሳቸው አፍልተው በፔርሙዝ ይዘው ይሄዱ ነበር።

አሁን አንብቡት ወዳሉት ነገር እንመጣለን። ሙዚየሙ በመስታወት ውስጥ የሚያስቀምጠው አንድ የብር ትሪ ነበረው። አጎታችን እናታቸውን ሊያስታምሙ ፈቃድ ወጥተው ሳለ ትልልቅ እንግዶች ስለመጡ፣ የጊዜው ዳይሬክተር ትሪው ወጥቶ ፍራፍሬ እንዲቀርብበት በጥድፊያ አዘው ነበር፤ ይህ የታወቀው ግን ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ዳይሬክተሩ ወዲያው ተዛወሩ፤ የንብረት ቆጠራ ሲደረግ የትሪው ቦታ ባዶ ሆኖ ተገኘ፤ ዳይሬክተሩም ሲጠየቁ አላስታውስም አሉ። የክፍሉ ቁልፍ በሁለት ሰው እጅ ብቻ ነበር፤ በአጎታችንና ሃምሳ አለቃው እየተባሉ በሚጠሩት፣ በጡረታ ከውትድርና በተሰናበቱት ዘበኛ፣ ምሳቸውን ከአንድ ዕቃ በሚበሉት ወዳጃቸው እጅ።

ሰው ሲጠረጥሩ የኖሩት ሰው ተራው ደርሷቸው ተጠረጠሩ። ከሥራ ታግደው ቤት ዋሉ፤ ጎረቤት ሰላምታውን ያሳጥር ጀመር፤ ልጆቻቸው ከትምህርት ቤት እያለቀሱ ተመለሱ። አንድ ቀን ከውጭ ሲገቡ ከአልጋቸው ሥር ያለው ሻንጣ እጀታው ወደ ግድግዳ ዞሮ ስላዩ ባለቤታቸው እንደፈተሹት አወቁ፤ ባለቤታቸውም መታወቃቸውን አወቁ። በማግስቱ ለመርማሪው ቃላቸውን ሲሰጡ «እኔ ፈቃድ ላይ ነበርኩ፤ ቁልፉ የነበረው በእሱ እጅ ነው» አሉ። የተናገሩት ነገር ውሸት አልነበረበትም፤ ነገር ግን ሃምሳ አለቃው «ቁልፉን ለዳይሬክተሩ ሰጥቼ ነበር» ቢሉም ሰሚ አጥተው በዚያ ቃል ከሥራ ተባረሩ፣ አጎታችንም ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ዓመታት አለፉ። አንድ የዝናብ ቀን ፔርሙዛቸው ወድቆ ስለተሰበረና ጉንፋኑም ስለጸናባቸው፣ የመሥሪያ ቤቱ ሻይ አፍይ ትኩስ ሻይ በትሪ ይዛላቸው ገባች። ሻዩን ተቀብለው ሳይጠጡ፣ እንደ ልማዳቸው ብርጭቆዎቹን ወደ ጎን አድርገው ትሪውን ሊገለብጡት ሲያነሱት ከበዳቸው።

«ጋሼ፣ የጠረጠሩት ሻዩን ነው ወይስ ትሪውን?» አለቻቸው እየሳቀች።

ብርጭቆ እንዳይንሸራተት የለበሰውን ላስቲክ ሲገልጡት ጠርዙ ላይ የተቀረጸውን የወይን ሐረግ አዩ፤ ከሥሩም የሙዚየሙ መለያ አለ። ከየት እንዳመጣችው ሲጠይቋት «ያኔ እንግዶች የመጡ ቀን ፍራፍሬ ቀርቦበት ወደ ማእድ ቤት ገባ፤ መልሺ ያለኝ የለም። የጠፋው ትሪ እኮ ያበራል አሉ፤ ይሄ ጥቁር ነው» አለች። መርማሪው ሳይቀር በዚያ ትሪ ሻይ ቀርቦለት ጠጥቷል፤ ሳይጠጡ የቀሩት፣ በዚህም ገልብጠው ሊያዩት ሲችሉ ያላዩት፣ አጎታችን ብቻ ነበሩ።

ትሪውን አወልውለው ወደ ቦታው ቢመልሱት ጠያቂ አልነበራቸውም፤ ይህንንም ለጥቂት ጊዜ አስበውት እንደነበር ራሳቸው ተናግረዋል። ነገር ግን እንዳለ ይዘውት ወደ አዲሷ ዳይሬክተር ቢሮ ገቡና ሁሉን ከተናገሩ በኋላ፣ ሃምሳ አለቃው ጃንጥላ እየጠገኑ ወደሚኖሩበት ሰፈር ሄዱ። በሩ ላይ ከተበሳች ቀዳዳ አንድ ዓይን ካያቸው በኋላ በሩ ብዙ አስቁሟቸው ተከፈተ። ሃምሳ አለቃው የመጡበትን ሰምተው ሲጨርሱ የያዙትን ጃንጥላ ሳያስቀምጡ «እሺ፤ ለእኔ ነገርከኝ። ሰላምታ ለነሱኝ ሰዎች ማን ይነግርልኛል?» አሉ።

«እኔ እነግራለሁ» አሉ አጎታችን።

«በስልክ እንዳይሆን።»

«በእግሬ።»

እንዳሉትም ሁለቱ አብረው በሰፈሩ ቤት ለቤት ዞሩ፤ በየበሩም አጎታችን ትሪው የት እንደነበረና የሰጡት ቃል ምን እንደነበረ ሳይቀንሱ ተናገሩ። አንዳንዱ በር በሰንሰለት ተይዞ ገርበብ ብሎ ሰማቸው፤ አንዳንዱ ቤት ውሻ ተለቀቀባቸው፤ አንዲት ጎረቤትም «አሁን ደግሞ ምን ፈልጋችሁ ነው?» ብለው ከመስኮት ሆነው አዳመጧቸው። አጎታችን በየቤቱ ያዩት መወርወሪያ፣ የበር ቀዳዳ፣ በአጥር ላይ የተተከለ የጠርሙስ ስባሪ፣ ከቧንቧ ጋር በሰንሰለት የታሰረ ኩባያ ከራሳቸው ዓይን ተቀድቶ የተሠራ መሰላቸው።

በዚህ ምክንያት ከጡረታቸው በፊት በሙዚየሙ የመጨረሻውን ክፍል አደራጁ። ሕዝቡ የሚቆልፍበትንና የሚደብቅበትን የቤት ዕቃ እንዲያመጣ ጠይቀው፣ የስኳር ሣጥኑን፣ ድብቅ ኪሱን፣ ቁልፉንና ሰንሰለቱን ደረደሩ፤ ትሪውንም እንዳይወለወል ከልክለው ከነላስቲኩ በመካከል አስቀመጡት። ጎብኚው እየሳቀ ይገባና የራሱን ቤት ዕቃ ሲያይ ድምፁን ይቀንስ ነበር። ባለቤታቸውም በመክፈቻው ዕለት ያን ሻንጣ ራሳቸው ተሸክመው አምጥተው «እኔም የማስቀምጠው አለኝ» ሲሉ፣ አጎታችን ተቀብለዋቸው ሳይገለብጡ አስቀመጡት። ስለዚያ ሻንጣ በትዳራቸው የተነጋገሩት የዚያን ዕለት ማታ ብቻ መሆኑን ባለቤታቸው ነግረውናል።

በዚህ ዓመት መግቢያ የሳንባ ሕመም ጸንቶባቸው ሆስፒታል ገቡ። መድኃኒቱን ሁሉ ስሙን አስነብበው፣ ጊዜው ያላለፈበት መሆኑን አረጋግጠው ይውጡ ነበር፤ በመጨረሻዎቹ ቀናት ግን ነርሷ የሰጠቻቸውን ሳይጠይቁ መቀበል ሲጀምሩ፣ መድከማቸው ይሁን ማመናቸው ልናውቅ አልቻልንም። ትናንት ማለዳ በቤተሰባቸው መካከል ዐርፈዋል።

ከኋላቸው ውድ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ሴት ልጆቻቸውንና ወንድ ልጃቸውን፣ የልጅ ልጆቻቸውን፣ ታላቅ እህታቸውንና የእህታቸውን ልጆች ትተዋል። ሃምሳ አለቃውም በመካከላችን አሉ። በምን ቦታ እንጻፍዎ ብለን ስንጠይቃቸው «ጓደኛ በሉ። ሁሉን ይቅር ብያለሁ ብላችሁ ግን አትጻፉ፤ አንዳንድ ቀን ገና ይመጣብኛል» ስላሉን፣ እንዳሉት ጽፈናል።

ፈጣሪ የአጎታችንን ነፍስ ተቀብሎ ቁልፍ በማያስፈልግበት ቤት ያሳርፍልን፤ ለባለቤታቸውና ለልጆቻቸው መጽናናትን፣ ለጓደኛቸውም በሚመጣባቸው ቀን አጠገባቸው የሚቀመጥ ሰው ይስጥልን። አሜን።