ለሴቶች የተሰጠው ሐሙስ

እንደምን አመሻችሁ፣ የሥራ ባልደረቦቼ። ዛሬ የተሰበሰብነው እትዬ እታፈራሁን ከሥራ ልንሸኝ ነው።

እትዬ እታፈራሁ፣ መጀመሪያ የመጡ ዕለት እንግዳ መቀበያው ላይ የነበርኩት እኔ ነኝ። ከመርሳ ሚኒባስ ወርደው፣ «ሰው የሚታሽበት ክፍል የት ነው?» አሉኝ። ወገብዎን የታመሙ መስሎኝ ደግፌ ወስጄ አልጋው ላይ አስተኛሁዎት። ተጋድመው፣ «ልጄ፣ የመጣሁት ላሽ ነው እንጂ ልታሽ አይደለም» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ እጅዎ ያላረፈበት ትከሻ የለም። የሒሳብ ክፍሉ ካሳዬ ኮሪደር ላይ ሲያይዎት በጓሮ በር ይዞራል። የሚፈራው መታሸቱን አይደለም፤ አንገቱን ዳሰስ አድርገው፣ «ከሚስትህ ተኳርፈሃል?» ብለው እንዳይጠይቁት ነው። ደግሞም አንድ ቀን አልሳቱም።

አዲሶቹ ልጆች ግን የማታውቁት አለ። ከሚሌኒየሙ ማግስት፣ ሆቴላችን እንደ አዲስ አበባዎቹ ስቲምና ማሳጅ ሲጀምር፣ ወልድያ በክፉ አወራችው። «ማሳጅ» የሚለውን ሰሌዳ ያየ ሁሉ ሌላ ነገር ጠረጠረ። አብራቸው የምታሸው ሜላት እንኳ ለሰፈሯ ሰው ልብስ አጣቢ ነኝ ትል ነበር። ገበያ ጠፋና ባለቤታችን አቶ አዳነ ክፍሉን ዕቃ ቤት ሊያደርጉት ቆረጡ።

እትዬ እታፈራሁ አቶ አዳነ ቢሮ ገብተው ሐሙስ ሐሙስን ለሴቶች ብቻ እንዲሰጧቸው ለመኑ። ከዚያ ቤት ለቤት እየዞሩ አራስ ይጠይቁ ጀመር። አራስ መታሸቷ በአገራችን ነውር አይደለምና። የመሪጌታ ይርጋ ባለቤት የሻረግ ግን፣ ሆቴል ገባች ብባልስ ብላ ፈራች።

«እናትሽን አራስ ሳለች ያሿት ሴትዮ ምን ተባሉ?» አሏት።

«ተመረቁ እንጂ ምን ይባላሉ» አለች የሻረግ።

በሐሙሱ አማቷን አስከትላ፣ ልጇን አቅፋ በዋናው በር ገባች። መሪጌታም በር ድረስ ሸኝተዋት ነበር። በሳምንቱ ጎረቤቶቿ መጡ፣ ቆይቶም ከመርሳና ከሐራ ሳይቀር። አቶ አዳነም ዕቃ ቤቱን ሌላ ቦታ ሠሩ።

ዛሬ ክፍሉን የምትረከበው ሜላት ናት። ሥራሽ ምንድን ነው ሲሏት፣ የማሳጅ ባለሙያ ነኝ ትላለች፣ ቀና ብላ።

እትዬ፣ እንጀራችንን ብቻ አይደለም ያተረፉልን። ሥራችንን እንዳናፍርበት አድርገውናል። እግዚአብሔር ያክብርልን።

በሉ ብርጭቋችሁን አንሱ። የስንቱን ድካም ሲያራግፉ ኖረዋል፤ የእርስዎን የሚያራግፍ ልጅና ጎረቤት አያሳጣዎት። ጉልበትዎ ይጽና፣ ደጅዎ ጠያቂ አይጣ።

ለእትዬ እታፈራሁ ጤና!