ጋሽ ባትሪና የተደፈነው ቱቦ

ከሥራ ስመለስ ደረጃው መታጠፊያ ላይ ጎረቤቴን እትዬን አገኘኋቸው። በአንድ እጃቸው መደገፊያውን፣ በሌላው ቆሻሻ ውሃ የሞላ ባልዲ ይዘዋል። አስም ስላለባቸው ደረታቸው ሲር ሲር ይላል።

«ምነው እትዬ፣ ሰው ጠፍቶ ነው?» ብዬ ባልዲውን ተቀበልኳቸው።

«የወጥ ቤቱ ቱቦ ተደፍኖብን ነው ልጄ። ዕቃ ያጠብኩበትን ሁሉ ታች እያወረድኩ መድፋት ሆነ ሥራዬ።»

«ቧንቧ ሠራተኛ አይጠራም?»

«ሰውዬው እያለ? አታውቀውም እንዴ!»

አውቃቸዋለሁ። ባለቤታቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ የመኪና ባትሪ ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ሰፈሩ «ጋሽ ባትሪ» የሚላቸው ሰው ናቸው። እጀ ወርቅ ናቸው፤ የእኔ አሮጌ ሬዲዮ እስከ ዛሬ የሚናገረው በእሳቸው ነው። አንድ አመል ግን አላቸው። በቤታቸው የተበላሸ ነገር ላይ ማንም እጁን እንዲያሳርፍ አይፈቅዱም፤ ሚስታቸውም ቢሆኑ።

ባልዲውን ደፍቼ ስመለስ ከታች የምትኖረው የኬሚስትሪ መምህርት በሯ ላይ ቆማ ነበር። ነገሩን ስነግራት የላስቲክ ጓንቷንና የቱቦ መግፊያ ጎማዋን ይዛ አብራኝ ወጣች። የተማረ ሰው ሁሉ እንዲህ ሳይለመን ቢነሳ ስንት ነገር በተቃና ነበር!

ጋሽ ባትሪ ወጥ ቤት ውስጥ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ አንድ ወፍራም ጠርሙስ አቅፈው አገኘናቸው። የዕቃ ማጠቢያው ገንዳ እስከ አፉ በደፈረሰ ውሃ ሞልቷል።

«ጋሼ፣ ምንድን ነው የያዙት?» አለች መምህርቷ።

«የባትሪ አሲድ ነዋ! ብረት የምትበላ ነገር ስብ ያቅታታል?»

«ብረት ከበላችማ ቱቦውን መች ትምረዋለች? ደግሞ ውሃ ላይ ስትፈስ ትፈላና ፊትዎ ላይ ትረጫለች።»

«አንቺ ልጅ፣ አንቺ ሳትወለጂ እኔ ከአሲድ ጋር እውል ነበር።»

«አውቃለሁ ጋሼ። ዓይንዎ እስከ ዛሬ የተረፈውም ጠንቃቃ ስለሆኑ ነው። ያኔ ግን ባትሪው ውስጥ ያለውን ያውቁ ነበር። እዚህ ቱቦ ውስጥስ ምን እንዳለ ያውቃሉ?»

«ውሃና ስብ! ሌላ ማን ነክቶት?»

መምህርቷ ከኋላችን ወደ ገቡት እትዬ ዞረች። እትዬ ሽርጣቸውን ይጠመዝዛሉ።

«እኔ… ጠዋት በረኪና ጨምሬበታለሁ» አሉ ቀስ ብለው። «ሽታው ሰው ፊት አሳፈረኝ። እንዳትቆጣኝ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

«ጋሼ፣ ክዳኑን እንዳይነኩት!» አለች መምህርቷ። «በረኪናና አሲድ ሲገናኙ መርዘኛ ጋዝ ይወጣል። ጤነኛውን ሰው ያፍናል። በእትዬ ደረት ደግሞ…»

ጋሽ ባትሪ ሚስታቸውን አዩ፣ ጠርሙሱን አዩ፤ ከዚያ ወስደው ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፉበት። ሲሳሳት ያየሁት ሰው ብዙ ነው፤ ስህተቱን በሰማበት ቅጽበት እጁን የሚሰበስብ ግን ጥቂት ነው። እኚህን ሰው ያን ዕለት ከልቤ አከበርኳቸው።

«እሺ፣ አስተምሪኝ» አሏት።

መስኮቱ ተከፈተ፤ እትዬ ወደ በረንዳ ተላኩ። ከዚያው ሆነው «አቼቶና ቤኪንግ ሶዳ አለኝ፤ ሰው በሱ ይከፍታል ሲሉ ሰምቻለሁ» ብለው ተጣሩ።

«ዛሬ አይሆንም እትዬ! አቼቶም አሲድ ነው፤ ከበረኪና ጋር አይስማማም።»

ጓንት አጥልቀን ውሃውን ቀድተን አወጣን። ከገንዳው ሥር ጎበጥ ያለችውን ቱቦ የፈቱት ራሳቸው ጋሽ ባትሪ ናቸው፤ መምህርቷ ባልዲ ደገነች። ከውስጡ ነጭና ጠጣር ነገር እንደ ሻማ ቁራጭ ዱብ አለ።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«የረጋ የጥብስ ዘይት። ማነው እዚህ የሚደፋው?»

ጋሽ ባትሪ ጢማቸውን ዳሰሱ። ጠዋት ጠዋት እንቁላላቸውን የሚጠብሱት ራሳቸው ናቸው። «እኔው ነኛ! የፈላ ውሃ ካስከተልኩበት ቀልጦ ይሄዳል ብዬ።»

«ይቀልጣል፤ ትንሽ ወረድ ብሎ ሲቀዘቅዝ ግን መልሶ ይረጋል። ቱቦው ፕላስቲክ ከሆነም የፈላ ውሃ ያጣምመዋል፤ ትኩስ ውሃ ይበቃል።»

ቱቦውን መልሰው አጠበቁት። ንጹህ ውሃ ደጋግመን ለቀቅንበት፤ በረኪናው ታጥቦ ከሄደ በኋላ ትኩስ ውሃ በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና አስከተልን፤ በመጨረሻ በጎማው ገፋ ገፋ አደረግነው። ገንዳው ጉርር ብሎ ጠጣው።

«ወረደ!» ብለው ጮኹ ጋሽ ባትሪ፣ እንደ ልጅ።

መምህርቷ ስትሰናበት ምክሯን ሰጠች፦ የጥብስ ዘይት በባዶ ቆርቆሮ ይጠራቀምና ሲረጋ ከቆሻሻ ጋር ይጣል፤ የገንዳው አፍ ላይ ወንፊት ይቀመጥ፤ ሽታ ሲጀምር፣ በረኪና ካልገባበት ብቻ፣ ቤኪንግ ሶዳ ነስንሶ አቼቶ ማፍሰስና በትኩስ ውሃ ማጠብ ይበቃል። የጠና መደፈን ግን በእጅና በጎማ እንጂ በአረፋ አይከፈትም። አሲዱንም ጋሽ ባትሪ አሁንም በሥራው ላይ ላሉት የቀድሞ ባልደረቦቻቸው ለመስጠት ተስማሙ።

ይህን ሁሉ ማወቅ ምን ይጠቅማል ለሚል አንባቢ መልሴ አጭር ነው። ቱቦ ይተርፋል፣ ቤት ይጠራል፣ አስም ያለባት ሴት ባልዲ ተሸክማ ደረጃ አትወርድም። ከሁሉ በላይ ግን ያን ቀን ያተረፈችን «ቱቦው ውስጥ ምን እንዳለ ያውቃሉ?» የምትለው የመምህርቷ አንዲት ጥያቄ ናት።

እትዬ ከበረንዳው ሲገቡ ጋሽ ባትሪ በርጩማው ላይ ተቀምጠው ነበር።

«ልገድልሽ ነበር እኮ» አሏቸው።

«እኔም ሳልነግርህ ራሴን።»

«ምነው ብትነግሪኝ?»

«መቼ አስነክተኸኝ ታውቃለህ?»

ጋሽ ባትሪ አንገታቸውን ደፉ። ከዚያ ተነስተው የመፍቻ ሳጥናቸውን ከፍ ካለው መደርደሪያ አወረዱና የእትዬ እጅ በሚደርስበት ቦታ አስቀመጡት።