መሞት የረሱ ሕዋሳት

ዝናብ አባርሮኝ ደሴ ፒያሳ አንድ ካፌ በረንዳ ላይ ብገባ፣ የኮምቦልቻ ጎረቤቴን አቶ ደጉን ከልጃቸው ከአቢጌል ጋር ተጠልለው አገኘኋቸው። ልጅቷ አንገቷን በሻርፕ ጠቅልላለች። ሰላምታችንን ሳንጨርስ የወንድማቸው ልጅ ዶክተር ጽናት ከሥራ ስትመለስ አየችንና መጣች። ሻርፑን ገለጥ አድርጋ ያበጠውን አንገት ስትዳስስ ፊቷ ጠቆረ።

«ጋሼ፣ መድኃኒቷን እየወሰደች ነው?»

«አስቁሜያታለሁ» አሉ አቶ ደጉ። የጸሎት ቤታቸው ሽማግሌ ናቸውና ሐሰት አያውቁም፤ ግትርነት ግን ለጎረቤት የሚተርፍ አላቸው። «የሰውነቷን ወታደሮች ይቀንሳል ያልሽኝ አንቺው ነሽ። ማቲዎስን ከቀበርኩ ወዲህ ጠዋት ማታ ሞትን ከቤቴ የምገሥጽ ሰው፣ በገዛ እጄ ሞት ላጉርሳት?»

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ልላቸው ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ነገር ግን ልጃቸው ማቲዎስ አምና በዚሁ እብጠት፣ በሽታው ሳይታወቅለት ነው ያረፈው።

«ጋሼ፣ ለማቲዎስ ለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ እስከ ዛሬ ድንኳኑ ውስጥ ቢቀመጥ ኖሮስ?» አለች ጽናት።

«ቤቴን ይበላው ነበራ!»

«ቲ ሴል የሚባሉት የደም ወታደሮችም እንደዚያው ናቸው። ጉንፋን ሲገባ ይበዛሉ፣ ይዋጋሉ፤ ውጊያው ሲያበቃ አብዛኞቹ በራሳቸው ይሞታሉ። የአቢጌል ግን ጊዜያቸው ሲደርስ አይሞቱም፤ በዘር የመጣ እክል ነው። አንገቷና ጣፊያዋ ውስጥ ይከማቻሉ። ሰውነቷም ወዳጅና ጠላት መለየት አቅቶት የገዛ ደሟን ያጠቃል። መድኃኒቱ ይህን ነው የሚያበርደው። እብጠቱ ይጎድላል፣ ደሟ ይመለሳል፣ ትምህርቷንም ትቀጥላለች። ጸሎትዎን አይተዉ፤ መድኃኒቱን ግን አያስቀሩባት።»

አቶ ደጉ ፊታቸውን ወደ ዝናቡ መለሱ።

«ይህ መድኃኒት ለማቲዎስ ይደርስለት ነበር?»

«በሽታው ቢታወቅለት ኖሮ፣ አዎ» አለች ጽናት አንገቷን ደፍታ።

«ዛሬውኑ ደሟን እንይላትና መድኃኒቷን እናስጀምራት» አለች ቀጥላ። ባጃጅ የጠሩት ራሳቸው አቶ ደጉ ናቸው።

አቢጌል ባጃጁ ውስጥ ከአባቷ አጠገብ ተቀመጠችና «አባዬ፣ ጸልይልኝ» አለች። አቶ ደጉ እጃቸውን ሻርፑ ላይ ጫኑ። ሞትን ሲገሥጹ ሰፈር የሚሰማው ያ ድምፃቸው ተሰብሮ፣

«ጌታ ሆይ፣ መሞት ያለበት ይሙትላት። ልጄን ግን ተውልኝ» አሉ።